የመጀመሪያ ፔፐሬን የት ልላክ? ጆርናሎች የሚገመግሙበትን መንገድ እያወዳደርን እንምረጥ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ጥላ ስር፣ ሻይ እየጠጣን ነበር። በቅርቡ ማስተርሷን የጨረሰች አንዲት ሚድዋይፍ ላፕቶፗን ከፍታ የሦስት ጆርናሎች ስም አሳየችኝ። «ቲቸር፣ የቱ ይሻላል?» አለችኝ። አንደኛው በአምስት ቀን አወጣልሻለሁ የሚል ነው። ሁለተኛው የአገር ውስጥ ነው። ሦስተኛው ስሙን ሁሉም የሚያውቀው ትልቅ የውጭ ጆርናል ነው። ጥናቷ በድሬዳዋ ጤና ጣቢያዎች የእርግዝና ክትትል በሚያደርጉ እናቶች ላይ የደም ማነስን ያያል። በግንቦት ሐሩር ከጤና ጣቢያ ጤና ጣቢያ በባጃጅ እየዞረች የሰበሰበችው ዳታ ነው። እንዲህ የተለፋበት ነገር የትም እንዲጣል አልፈልግም።

በአንድ ቃል መመለስ አልቻልኩም። ሁለት ሰዓት ያህል አወራን። ይህን ጥያቄ ከሐረርም ከድሬም ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ያወራነውን እዚህ ጻፍኩት።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። ጆርናል ስትመርጡ፣ ሥራችሁን ማን እንደሚያነበውና እንዴት አድርጎ እንደሚያነበው እየመረጣችሁ ነው። ስሙም፣ ፍጥነቱም፣ ኢምፓክት ፋክተሩም (ጽሑፎቹ በአማካይ ስንት ጊዜ እንደሚጠቀሱ የሚያሳየው ቁጥር) ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ከላካችሁት በኋላ ምን ይሆናል?

ሰብሚት የሚለውን ስትጫኑ ፔፐሩ በቀጥታ ገምጋሚ (በሙያው ያለ ሌላ ተመራማሪ) እጅ አይገባም። መጀመሪያ የጆርናሉ ቢሮ ያየዋል። የሥነ ምግባር ፈቃዱ ተጠቅሷል ወይ? ከሌላ ሰው የተቀዳ ነገር አለበት ወይ? ሠንጠረዦቹ ተሟልተዋል ወይ? ከዚያ ኤዲተሩ ያነበዋል። ብዙ ፔፐር እዚህ ጋ ይመለሳል፤ ዴስክ ሪጀክሽን የሚባለው ይህ ነው። ሲመጣ ያማል፣ ግን ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ርዕሱ ከጆርናሉ ጋር አለመገጣጠሙ ብቻ ነው።

ካለፈ ኤዲተሩ ገምጋሚ ፍለጋ ይጀምራል። ጊዜ የሚበላው ይህ ነው። ገምጋሚ አብዛኛውን ጊዜ አይከፈለውም። ክፍሉን አስተምሮ፣ ታካሚውን አይቶ፣ ማታ ልጆቹን አስተኝቶ ነው የሚያነብላችሁ። ኤዲተሩ አምስት ስድስት ሰው ጠይቆ ሁለቱ እሺ ካሉት ደስ ይለዋል። ስለዚህ «አንደር ሪቪው» (በግምገማ ላይ) የሚለው ጽሑፍ ሦስት ወር ሳይነቃነቅ ቢቆይ ፔፐራችሁ ጠፋ ማለት አይደለም። ከሦስት ወር በላይ ከሆነ ግን ለኤዲተሩ በትህትና አጭር ኢሜይል መጻፍ ነውር የለውም። እኔ ጽፌ አውቃለሁ፣ የተቆጣኝ የለም።

በመጨረሻ ሁለት ወይም ሦስት ሰው አስተያየቱን ይልካል። ኤዲተሩ ያንን አይቶ ይወስናል፦ ይታተም፣ በትንሽ ማሻሻያ ይመለስ፣ በትልቅ ማሻሻያ ይመለስ፣ ወይም ይቅር። ወሳኙ ኤዲተሩ ነው፣ ገምጋሚዎቹ አማካሪዎቹ ናቸው። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። «ሪቪወር ሁለት (ሁለተኛው ገምጋሚ) ጣለብኝ» ይላል፣ የጣለው ግን ኤዲተሩ ነው። ሁለት ገምጋሚዎች ሲጋጩባችሁም ደብዳቤያችሁን መጻፍ ያለባችሁ ለኤዲተሩ ነው።

ግምገማ ምን እንደሚጠቅም የገባኝ በራሴ ስህተት ነው። የመጀመሪያ ፔፐሬ ሲመለስልኝ አንደኛው ገምጋሚ አሥራ አንድ ነጥብ ጽፎ ነበር። አራተኛው እንዲህ ይላል፦ አብስትራክቱ (ማጠቃለያው) ላይ 423 ተሳታፊ ይላል፣ ሠንጠረዥ ሁለት ላይ በትምህርት ደረጃ የተከፋፈሉት ሲደመሩ 418 ናቸው፣ አምስቱ የት ሄዱ? 423ን የጤና ተማሪ ሁሉ ያውቃታል፤ በናሙና ቀመር የሚገኘው 384 ላይ፣ መልስ ለማይሰጡ ተብሎ አሥር በመቶ ሲጨመር የምትመጣው ቁጥር ናት። ያን ሠንጠረዥ እኔም፣ አድቫይዘሬም፣ ፈታኞቼም አይተነዋል። ማናችንም አልደመርነውም። መጠይቆቹን ከካርቶን አውጥቼ አንድ በአንድ ሳገላብጥ አመሸሁ። አምስት እናቶች የትምህርት ደረጃ ጥያቄውን አልመለሱም ነበር። እኔ ደግሞ «ያልመለሱ» የሚል መስመር ሳልጨምር አልፌዋለሁ። አንድ መስመር ጨመርኩ፣ ነገሩ ተስተካከለ። ያንን ሰው እስከ ዛሬ ማን እንደሆነ አላውቅም። ግን ሥራዬን እንደሱ አድርጎ ያነበበልኝ ሰው የለም።

እንግዲህ ምርጫው እንዲህ ዓይነት አንባቢ የምታገኙበትን ቦታ መፈለግ ነው።

አምስት ቀን የሚለው

ይህን ቶሎ እናንሳውና እንለፍ። በአምስት ቀን ተገምግሞ ይታተማል የሚል ጆርናል አልገመገመም። ከላይ የነገርኳችሁን ሂደት አስቡትና ቁጠሩት፤ ገምጋሚ ፈልጎ እሺ ማሰኘቱ ብቻ ከአምስት ቀን በላይ ይፈጃል።

እኛ ዘንድ ይህ ቀልድ አይደለም። አንድ የማውቀው ልጅ ከደመወዙ እየቆጠበ ዶላር በሰው ልኮ ከፍሎ ፔፐሩን እንዲህ ያለ ቦታ አወጣ። ለማዕረግ እድገት ሲያቀርበው አይቆጠርም ተባለ። ልሰርዘውና ሌላ ቦታ ልላከው ቢል አንዴ ታትሟል፣ ሌላው አይቀበለውም። የሁለት ዓመት ሥራው እዚያ ቀረ። ኢሜይሉ ሲመጣለት «ክቡር ፕሮፌሰር» ብሎ ነበር የጀመረው። ልጁ ገና ሌክቸረር ነበር።

በፈረንጆቹ 2013 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችና ወራትም በፈረንጆቹ ናቸው) ሳይንስ የተባለው ጆርናል አንድ ሙከራ አሳትሞ ነበር። ጆን ቦሃነን የሚባል ጋዜጠኛ ሆን ብሎ በስህተት የተሞላ የካንሰር መድኃኒት ጥናት ፈጠረ። ደራሲው አስመራ ውስጥ ባለ የሕክምና ተቋም ይሠራል ብሎ ጻፈ። ሰውየውም ተቋሙም የሉም። ለ304 ኦፕን አክሰስ (ማንም በነፃ የሚያነባቸው) ጆርናሎች ላከው። 157ቱ ተቀበሉት። 98ቱ ብቻ ውድቅ አደረጉት። ማንም ከልቡ ያነበበ ገምጋሚ ሊያልፈው የማይገባ ስህተት ነበረበት።

ለማጣራት ብዙ አያስፈልግም። ዶአጅ የሚባለው የኦፕን አክሰስ ጆርናሎች ማውጫ ላይ ፈልጉት። ስኮፐስ በሚባለው የተመረጡ ጆርናሎች ማውጫ ውስጥ አለሁ ካለ፣ ራሱ የስኮፐስ ዝርዝር ላይ ገብታችሁ እዩ፤ የጆርናሉ ድረ ገጽ ላይ የተለጠፈ አርማ ማስረጃ አይሆንም። የታወቀ ጆርናል ስም ሰርቀው ሐሰተኛ ድረ ገጽ የሚከፍቱም አሉ፣ አድራሻውን ፊደል በፊደል እዩት። ከዚያ እኔ የማምንበት ፈተና አለ፦ በእናንተ ሙያ የወጡ ሦስት ጽሑፎች አውርዳችሁ አንብቡ። ሠንጠረዦቻቸውን ደምሩ። ሳይታረሙ እንደወጡ ካያችሁ፣ የእናንተንም ማንም አያነበውም።

ስም መደበቅ፦ ሲንግል ብላይንድ ወይስ ደብል ብላይንድ

ሲንግል ብላይንድ ማለት ገምጋሚው እናንተን ያውቃል፣ እናንተ ገምጋሚውን አታውቁትም። በሕክምናና በተፈጥሮ ሳይንስ በብዛት ያለው ይህ ነው። ደብል ብላይንድ ሲሆን ሁለታችሁም አትተዋወቁም። በማኅበራዊ ሳይንስ የተለመደ ነው፣ ከአገር ውስጥ ጆርናሎቻችንም ብዙዎቹ በዚህ ይሠራሉ።

ጀማሪ ከሆናችሁና ስማችሁን ማንም የማያውቅ ከሆነ ደብል ብላይንድ ይሻላችኋል። ገምጋሚው «ይህ ደግሞ ማነው? ከየት ነው?» ሳይል ጽሑፉን ብቻ ያያል። ኔቸር የሚባለው ትልቁ ጆርናል እንኳ ከ2015 ጀምሮ ደራሲው ከፈለገ ስሙን ደብቆ እንዲልክ ይፈቅዳል። ስለዚህ ሲንግል ብላይንድ ነው ያላችሁት ጆርናል ምርጫ ይሰጥ እንደሆነ ፈልጉ።

ግን እውነቱን እንነጋገር። ርዕሳችሁ «በድል ጮራ ሆስፒታል» ብሎ ከጀመረና ገምጋሚውም ኢትዮጵያዊ ከሆነ፣ መጋረጃው ስስ ነው። በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ስለ ጫትና ደም ግፊት፣ ወይም ስለ ሐረር ጀጎል ቤቶች የሚያጠና ሰው ጥቂት ነው፤ ገምጋሚው ሁለት ገጽ ሳያነብ ያውቃችኋል። የቻላችሁትን ደብቁ፦ ምስጋናውን ለዩት፣ «ቀደም ባለው ጥናታችን» አትበሉ፣ የወርድ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠውን የደራሲ ስም አጥፉ። ይህችን የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይረሳታል።

ክፍት ግምገማ

እኔ ለጀማሪ ደፍሬ የምመክረው ይህንን ነው።

እዚህ ገምጋሚው በስሙ ይጽፋል፣ በብዙዎቹም ዘንድ አስተያየቱ ከፔፐሩ ጋር ይታተማል። የእንግሊዝ የሕክምና ጆርናል የሆነው ቢኤምጄ ገምጋሚዎቹን በስማችሁ ፈርሙ ማለት የጀመረው በ1999 ነው። ቢኤምጄ ኦፕን የገምጋሚዎቹን ጽሑፍና የደራሲዎቹን መልስ ለሁሉም ክፍት አድርጎ ያወጣል። ቢኤምሲ ከሚባለው አሳታሚ ጆርናሎችም ይህን የሚያደርጉ አሉ፣ የእያንዳንዱን ገጽ ማየት ነው። ኤፍ ሺህ ሪሰርች ደግሞ ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል፦ መጀመሪያ ያወጣል፣ ከዚያ ገምጋሚዎች በአደባባይ ጸደቀ፣ በቅሬታ ጸደቀ ወይም አልጸደቀም ይላሉ። ኢላይፍ ከ2023 ጀምሮ ለግምገማ ያሳለፈውን ጽሑፍ ተቀብያለሁ ወይም ጥያለሁ ማለቱን ትቶ ከነግምገማው ያወጣዋል።

ስሙን የጻፈ ሰው አይሳደብም። ይህ አንድ ጥቅም ነው። ስሙን የጻፈ ሰው ደግሞ፣ በተለይ ወጣት ከሆነና ደራሲው ትልቅ ፕሮፌሰር ከሆነ፣ እውነቱን ለመናገር ሊፈራ ይችላል። በእኛ አገር ሁኔታ ሳስበው ይህ ያሳስበኛል። ነገ የእድገት ኮሚቴ ላይ የሚቀመጥን ሰው ዛሬ በስምህ «ስታቲስቲክሱ ልክ አይደለም» ማለት ከባድ ነው። የእናንተን ፔፐር የሚያየው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ እናንተን የሚፈራበት ምክንያት የለውም፣ ስለዚህ ጉዳቱ አይደርስባችሁም።

ባትልኩበትም ተጠቀሙበት። ዛሬ ማታ ቢኤምጄ ኦፕን ላይ በእናንተ ርዕስ ዙሪያ ከኢትዮጵያ የወጣ አንድ ጽሑፍ ክፈቱ። ከጎኑ የግምገማ ታሪኩ አለ፣ በነፃ ይወርዳል። ገምጋሚው ምን ጠየቀ? ደራሲዎቹ እንዴት መለሱ? «እናመሰግናለን፣ ገጽ 7 መስመር 142 ላይ አስተካክለናል» እያሉ ነጥብ በነጥብ ሲመልሱ ታያላችሁ። ያልተስማሙበትንም በምን ዓይነት ጨዋነት እንደተከራከሩ ታያላችሁ። እኔ ይህንን ያስተማረኝ ክፍል አልነበረም። አራት አምስት ፋይል ካነበባችሁ የራሳችሁን ፔፐር ሳትልኩት በፊት ግማሹን ጥያቄ ራሳችሁ ትጠይቁታላችሁ።

አዲስነት ወይስ ትክክለኛነት

ትልልቆቹ ጆርናሎች ሁለት ነገር ይጠይቃሉ፦ ልክ ነው ወይ? አዲስ ነው ወይ? ፕሎስ ዋን ግን ከ2006 ጀምሮ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚጠይቀው። ዘዴው ትክክል ከሆነና መደምደሚያው ከዳታው የወጣ ከሆነ ይታተማል፣ ዓለምን ማስደነቅ የለበትም። የደም ማነስ ጥናት በአንድ ከተማ ሲሠራ ለዓለም አዲስ አይደለም። ለድሬዳዋ ግን ያስፈልጋል። ለእንዲህ ያለ ሥራ በትክክለኛነት የሚገመግም ጆርናል ጊዜ ያተርፍላችኋል። ስሙ ትልቅ ስለሆነ ብቻ አምስት ቦታ ልኮ አምስቴ መመለስ አንድ ዓመት ይበላል። በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ መላክ ደግሞ ክልክል ነው፤ አንዱ ሳይመልስላችሁ ለሌላው አትላኩ። ይህን የሚያደርግ ሰው አውቃለሁ፣ ሁለቱም ጆርናሎች ደርሰውበት ሁለቱም መለሱበት።

እዚሁ ወይስ ውጭ?

እዚሁ አካባቢያችን ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የራሱ ጆርናሎች አሉት፦ ኢስት አፍሪካን ጆርናል ኦፍ ሳይንስስ፣ የማኅበራዊ ሳይንስና ሂዩማኒቲስ፣ የጤናና ባዮሜዲካል፣ ሐረማያ ሎው ሪቪውም አለ። ከአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናል ከ1962 ጀምሮ ይወጣል። ብዙዎቹን አጆል ላይ፣ ማለትም በደቡብ አፍሪካ ካለው የአፍሪካ ጆርናሎች ማውጫ ላይ፣ ታገኟቸዋላችሁ። ትምህርት ሚኒስቴር እውቅና የሰጣቸውን ዝርዝር ከመላካችሁ በፊት ከዲፓርትመንታችሁ ጠይቁ፣ ለእድገት የሚቆጠረው በዚያ ነው።

የአገር ውስጥ ጆርናል ትልቁ ጥቅም ገምጋሚው ቦታውን ማወቁ ነው። «ሳቢያን» ስትሉ የት እንደሆነ አታብራሩለትም። ጤና ኤክስቴንሽን ምን እንደሆነ በሁለት አንቀጽ ማስረዳት የለባችሁም። ሥራውን ሊጠቀሙበት የሚችሉት ሰዎች፣ ጤና ቢሮው፣ ሆስፒታሉ፣ ሌላው ተማሪ፣ እዚያው ያገኙታል። ድካሙ ደግሞ የገምጋሚ እጥረት ነው። አንድ ኤዲተር ሦስት ሥራ ደርቦ ይሠራል፣ መልሱ ሊዘገይ ይችላል።

የውጭውን ሲፈሩት አብዛኛው ሰው የሚያነሳው ገንዘብ ነው። እዚህ ጋ ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። ኢትዮጵያ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የምርምር ጽሑፎችን ተደራሽ በሚያደርገው በሪሰርች ፎር ላይፍ ፕሮግራም ግሩፕ ኤ ውስጥ ናት። ከትልልቆቹ አሳታሚዎች ብዙዎቹ ለዚህ ቡድን አገሮች በሙሉ ኦፕን አክሰስ ጆርናሎቻቸው ላይ የማሳተሚያ ክፍያውን ይተዋሉ። የሚሳሳቱት ጊዜው ላይ ነው፦ ስትልኩ ጠይቁ፣ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ አይሆንም። ከሀብታም አገር ተባባሪ ደራሲ ካላችሁ ደንቡ ሊለወጥ ስለሚችል አንብቡት። በደንበኝነት የሚነበቡ ጆርናሎች ላይ ደግሞ ክፍት ይሁን ካላላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ክፍያ የለም።

ስለ ፕሪፕሪንት፣ ማለትም ሳይገመገም ስለሚወጣ ጽሑፍ፣ አንድ ሁለት ነገር። ሜድ አርካይቭ የሚባለው ድረ ገጽ ከ2019 ጀምሮ ያልተገመገመ የጤና ጥናት ያወጣል፣ በነፃ ነው፣ በቀናት ውስጥ ይታያል። ብዙ ጆርናል ይቀበለዋል። ግን ግምገማን አይተካም፣ ለእድገትም እንደ ታተመ አትቁጠሩት።

ፍጥነትን በተመለከተ የራሳችን ከተማ ምሳሌ አላት። በ2022 ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወቅት ወባ ተነሳ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መኝታ ሳይቀር። ተመራማሪዎች ነገሩን ውኃ በሚጠራቀምበት በርሜልና ታንከር ከምትራባው አኖፊሊስ ስቴፈንሳይ ትንኝ ጋር አያያዙት። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሲያትል በተደረገ የትሮፒካል ሕክምና ስብሰባ ተነገረ። ኔቸር ሜዲስን ላይ የወጣው በጥቅምት 2023 ነው። ዓለምን ሁሉ ያሳሰበ ጉዳይ ነበር፣ ያም ሆኖ በመካከሉ አንድ ዓመት ገደማ ሄደ። ስለዚህ ነገሩ አስቸኳይ ከሆነ መጀመሪያ ጤና ቢሮ ሂዱና ንገሩ። ጆርናሉ ይደርሳል።

ግምገማ የማይይዘው

ገምጋሚ ዳታችሁን አብሯችሁ አልሰበሰበም። የተፈበረከ ዳታ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሊያውቅ አይችልም። ላንሴት የሚባለው ትልቅ የሕክምና ጆርናል በ1998 በአሥራ ሁለት ልጆች ላይ የተመሠረተውን፣ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘውን የዌክፊልድን ጽሑፍ አሳተመ። ሙሉ በሙሉ የሰረዘው በ2010 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ስንት ወላጅ ልጁን ሳያስከትብ ቀረ? ስለዚህ ትልቅ ጆርናል ላይ ወጣ ብላችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አትጥቀሱ፣ ዘዴውን አንብቡ።

ሲመልሱባችሁ ደግሞ አስተያየቱን ሳታነቡ ወደ ሌላ ጆርናል አትሩጡ። አንስታይን በ1936 ከሮዘን ጋር ስለ ስበት ሞገድ የጻፈው ጽሑፍ ፊዚካል ሪቪው ዘንድ ለገምጋሚ ተሰጠ፣ ገምጋሚውም ስህተት አገኘበት። አንስታይን ተቆጥቶ ጽሑፉን አነሳ። ስህተቱ ግን እውነተኛ ነበር፣ በሌላ ጆርናል ሲወጣ መደምደሚያው ተስተካክሎ ነው የወጣው። እናንተም ለሁለት ቀን ኢሜይሉን ዝጉት፣ ተናደዱ፣ ከዚያ ከፍታችሁ ነጥብ በነጥብ መልሱ። ሌላ ቦታ ብትልኩት እንኳ ሙያው ጠባብ ስለሆነ ያው ገምጋሚ ሊደርሰው ይችላል።

ሚድዋይፏ ምን መረጠች? የአምስት ቀኑን ወዲያው አጠፋችው። እኔ ክፍት ግምገማ ያለውንና ክፍያ የሚተወውን የውጭ ጆርናል መከርኳት። እሷ ግን አልተስማማችም። «ቲቸር፣ የብረት እንክብሉን የሚያድሉት እዚህ ያሉ ሰዎች ናቸው፣ እነሱ ካላነበቡት ምን ዋጋ አለው?» አለችኝ። የአገር ውስጡን መረጠች። ሳስበው ልክ ናት፣ ለእሷ ሥራ ትክክለኛው አንባቢ እዚያ ነው ያለው።

ሂሳብ ልንከፍል ስንል ስልኳን አውጥታ ካልኩሌተሩን ከፈተች። ሠንጠረዥ ሁለትን መደመር ጀመረች።